በሙቀት የተመታ ሰው የሕመሙ ክብደት ከደም ምርመራ ሲገመት፦ ቁጥሩን ከሰዓቱ ጋር አንብቡት

ጥያቄ፦ «የምሠራው በራያ ቆቦ ቆላ በሚገኝ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ነው። በሰኔ መጀመሪያ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሕሙማን መጡልን። አንደኛው የ26 ዓመት የጉልበት ሠራተኛ ነው፤ ሲሚንቶ ሲያራግፍ ወደቀ። ሙቀቱ በፊንጢጣ ሲለካ 41.3 ነበር፤ ይቀባዥራል። ሁለተኛዋ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው እናት ናቸው፤ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ራሳቸውን ስተው ተገኙ፤ ሙቀታቸው 40.7 ነው። የወጣቱ ኤኤስቲ (የጉበትና የጡንቻ ኢንዛይም) 96፣ ክሬቲኒን (የኩላሊት መለኪያ) 1.7፣ ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋ ሴል) 210,000 ነው። የእናቲቱ ኤኤስቲ 61፣ ክሬቲኒን 1.4፣ ፕሌትሌት 148,000 ነው። ቁጥሮቹን ያዩ ባልደረቦቼ ‹ሁለቱም ያን ያህል አልከፋባቸውም፤ ከከፋም ወጣቱ ይብሳል› አሉ። የሕመሙን ክብደት በትክክል የሚነግረን የትኛው የደም ምርመራ ነው? ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ ለመላክስ በየትኛው ቁጥር እንወስን?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ዋናውን መልስ አስቀድሜ ልናገርና ከዚያ ላብራራው። የዚህን ሕመም ክብደት ብቻውን የሚናገር አንድ የደም ምርመራ የለም። እጅዎ ላይ ያሉት ተራ ምርመራዎች፣ ማለትም ፕሌትሌት፣ ኤኤስቲና ኤኤልቲ፣ ክሬቲኒን፣ ፖታሲየም፣ ከተገኘም ክሬቲን ካይኔዝ፣ በተደጋጋሚ ከተሠሩ ከበቂ በላይ ይናገራሉ። በመጀመሪያው ሰዓት የተቀዳ ደም ግን ስለ ጉዳቱ ገና ምንም ላያውቅ ይችላል። በዚያ ሰዓት ክብደቱን የሚነግሩን የሕመምተኛው ንቃተ ሕሊና፣ የሙቀቱ መጠንና ሰውነቱ በዚያ ሙቀት ውስጥ የቆየበት ጊዜ ናቸው። ባልደረቦችዎ ያነበቧቸው ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ የተነበቡበት ሰዓት ግን ለፍርድ አይበቃም። ከሁለቱ ማን ይብሳል ለሚለውም እኔ የምሰጠው መልስ የተለየ ነው፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከደሙ በፊት አንድ ነገር መባል አለበት። የሰውነት ውስጣዊ ሙቀት ከ40 በላይ ሆኖ ሕመምተኛው ከተቀባዠረ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ራሱን ከሳተ፣ ማቀዝቀዙ ላቦራቶሪን አይጠብቅም። ዓላማው በ30 ደቂቃ ውስጥ ሙቀቱን ወደ 39 ማውረድ ነው። ከዚያ በታች ወርዶ እንዳይበርደው 38.5 አካባቢ ሲደርስ ይቆማል። በረዶና ገንዳ ከሌለ ሸራ ይዘርጉ፣ ሕመምተኛውን መሐሉ ላይ ያስተኙ፣ አራት ሰዎች ጠርዙን ከፍ አድርገው ይያዙ፣ የተገኘውን ቀዝቃዛ ውኃ ሁሉ በጄሪካን ያፍስሱበት። ለአዛውንቶች እርጥብ አንሶላና የማያቋርጥ ማራገብ ይሻላል። በአሜሪካ ፋልማውዝ በተባለች ከተማ በሚካሄድ የጎዳና ሩጫ፣ በ18 ዓመታት ውስጥ በሙቀት የተመቱ 274 ሯጮች እዚያው በቀዝቃዛ ውኃ ተነክረው አንዳቸውም አልሞቱም። ይህን የሚያህል ውጤት የሚሰጥ የደም ምርመራ በዓለም ላይ የለም። ፓራሲታሞል እዚህ ቦታ የለውም፤ እንደ ኢንፌክሽን ትኩሳት የአንጎል ሙቀት መቆጣጠሪያ ልኩን ከፍ አላደረገምና ምንም አያወርድም፤ የተጎዳውን ጉበት ግን ይጨምርበታል። ዳይክሎፌናክም ኩላሊትን ይጎዳል። ቤተሰብ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ አሽትቶና በጋቢ ሸፍኖ አቆይቶት ከሆነ፣ ለስንት ሰዓት እንደቆየ ሳይቆጡ ይጠይቁ። ያ ሰዓት ከማንኛውም የላቦራቶሪ ቁጥር የበለጠ ያስፈልግዎታል።

አሁን ወደ ደሙ። ሙቀቱ ሴሎችን በቀጥታ ይገድላል፤ የጉበት፣ የጡንቻና የደም ሥር ግድግዳ ሴሎች ቀድመው ይጎዳሉ። በዚያው ጊዜ ሰውነት ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚገፋው አንጀት ደም ያንሰዋል፤ ግድግዳው ይሳሳል፤ የባክቴሪያ መርዝ ወደ ደም ይሾልካል። በሳውዲ አረቢያ በሐጅ ወቅት በሙቀት የተመቱ ሕሙማንን ያጠኑ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1991 ይህንኑ መርዝ በደማቸው ውስጥ አግኝተውታል። ስለዚህ ሕመሙ ሁለት ጊዜ ይመታል፤ አንዴ በሙቀቱ፣ ሁለተኛም ሙቀቱ ከወረደ በኋላ በሚነሣው የሰውነት ቁጣና የደም መርጋት መዛባት። የመጀመሪያው ቀን ደም ደህና መስሎ የሁለተኛው ቀን ደም የሚያስደነግጠው ለዚህ ነው።

ኤኤስቲና ኤኤልቲን እንያቸው። በእውነተኛ የሙቀት ምት እነዚህ ኢንዛይሞች ሳይጨምሩ አይቀሩም፤ ግን ጣሪያቸው ላይ የሚደርሱት ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በ48ኛው ሰዓት ሁለቱም ልክ ከሆኑ ምርመራውን ራሱን ልጠራጠር እችላለሁ፤ በመጀመሪያው ሰዓት ልክ መሆናቸው ግን ምንም አያረጋግጥም። ኤኤስቲ በመጀመሪያው ቀን ከ1,000 ካለፈ ነገሩ ከባድ ነው፤ አንጎል፣ ኩላሊትና ጉበት አብረው ሊጎዱ እንደሚችሉ ያመለክታል። ኤኤስቲ ከጡንቻም እንደሚወጣ አይርሱ። ጉልበት ሲሠራ በወደቀ ወጣት ኤኤስቲ ከፍ ብሎ ኤኤልቲ ብዙም ካልጨመረ፣ የሚጮኸው ጡንቻው ሊሆን ይችላል። ሁለቱም አብረው እየወጡ አይኤንአር (ደም ለመርጋት የሚዘገይበትን መጠን የሚለካው) ከ1.5 በላይ ከሆነ ግን ጉበቱ ሥራውን እያቆመ ነው።

ክሬቲን ካይኔዝ የጡንቻ መፍረስ መለኪያ ነው። ከ1,000 በላይ ሲሆን ጡንቻ እየፈረሰ ነው እንላለን፤ ከ5,000 በላይ ሲሆን ለኩላሊት መስጋት ይጀመራል። እሱም ቀስ ብሎ ወጥቶ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በየቀኑ ወደ ግማሽ ገደማ መውረድ አለበት። ወርዶ እንደገና ከወጣ እግሩን ወይም ክንዱን ይዳስሱ፤ ያበጠ ጡንቻ በራሱ ሽፋን ውስጥ ታፍኖ እየሞተ ሊሆን ይችላል። ምርመራው በሆስፒታልዎ ከሌለ የሽንት ስትሪፕ ይበቃዎታል። ስትሪፑ ደም አለ ብሎ በማይክሮስኮፕ ቀይ የደም ሴል ካልታየ፣ ያ ብዙ ጊዜ ከጡንቻ የወጣ ማዮግሎቢን ነው። ሽንቱ የጠቆረ ሻይ ከመሰለ እንኳን ምርመራ፣ ዓይንም ይበቃል።

ክሬቲኒን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የባልደረቦችዎ ንጽጽር የተዛነፈው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ክሬቲኒን የሚመረተው ከጡንቻ ነው። ሲሚንቶ የሚሸከም የ26 ዓመት ወጣት፣ ውኃ አጥቶና ለፍቶ 1.7 ቢያሳይ ብዙ ጊዜ ፈሳሽ ሲሰጠው በግማሽ ቀን ውስጥ ይወርዳል። ሰውነታቸው የከሳ የሰባ ዓመት እናት 1.4 ሲያሳዩ ግን ኩላሊታቸው ከዚያ ወጣት ኩላሊት ይልቅ ብዙ አጥቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ያነሰው የሚመረተው ስለሚያንስ ነው። ስለዚህ ክሬቲኒንን ከሰው ወደ ሰው አያወዳድሩት፤ ከዚያው ሰው ካለፈው ውጤት ጋር ያወዳድሩት። ሽንቱንም በሰዓት ይለኩ። በኪሎ ግራም ከ0.5 ሚሊ ሊትር በታች በሰዓት ከሆነና ፈሳሽ ተሰጥቶት ካልተሻሻለ፣ ክሬቲኒኑ ገና ባይወጣም ኩላሊቱ ተይዟል።

የእኔ ዓይን ከሁሉ ይበልጥ የሚያርፈው ፕሌትሌት ላይ ነው። ርካሽ ነው፤ ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) በሚሠራበት ሆስፒታል ሁሉ አለ፤ ቶሎም ይናገራል። ሙቀቱ የደም ሥሮችን ውስጠኛ ግድግዳ ሲጎዳ ደም በየጥቃቅኑ ሥር መርጋት ይጀምራል። ፕሌትሌቱና የሚያረጉት ፕሮቲኖች እዚያ ያልቃሉ፤ ከዚያ ሕመምተኛው ይደማል። መውረዱ በብዛት የሚታየው በአንደኛው ቀን ማብቂያና በሁለተኛው ቀን ነው። እዚህ ላይ ሦስት ነገር ይያዙ። አንደኛ፣ ሲመጣ ውኃ ያጣ ሕመምተኛ ደሙ የተወፈረ ስለሆነ የመጀመሪያው ፕሌትሌት ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይታያል። የእናቲቱ 148,000 በእኔ ግምት ፈሳሽ ከተሰጣቸው በኋላ እዚያ የሚቆይ ቁጥር አይደለም። ሁለተኛ፣ የሚያስፈራው የመውረዱ ፍጥነት ነው። በ12 ሰዓት ውስጥ ከ210,000 ወደ 120,000 የወረደ ሰው፣ 120,000 ላይ ተረጋግቶ ከቆየ ሰው ይልቅ ያስጨንቀኛል። ሦስተኛ፣ ከ100,000 በታች ከሆነ አይኤንአርና ዲ ዳይመር (የረጋ ደም ሲፈርስ የሚተወው ቅሪት) ወደሚሠራበት ቦታ መላኩን አያዘግዩት።

ደሙ በየሥሩ እየረጋ መሆኑን ለመወሰን በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት የነጥብ አሰጣጥ አለ። ፕሌትሌት ከ50,000 እስከ 100,000 ከሆነ 1 ነጥብ፣ ከ50,000 በታች ከሆነ 2 ነጥብ ይሰጣል። ዲ ዳይመር በመጠኑ ከጨመረ 2፣ በጣም ከጨመረ 3። ፕሮትሮምቢን ታይም (ደም ለመርጋት የሚፈጅበት ጊዜ) ከ3 እስከ 6 ሰከንድ ከረዘመ 1፣ ከ6 በላይ ከረዘመ 2። ፋይብሪኖጅን (ደም የሚያረጋ ፕሮቲን) በሊትር ከ1 ግራም በታች ከሆነ 1። ድምሩ 5 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን መዛባቱ ግልጽ ሆኗል። ይህ ሁሉ በሌለበት ለእባብ ንድፊያ የምታደርጉትን ምርመራ ይሥሩ፦ ጥቂት ደም በንጹሕ ደረቅ የመስታወት ቱቦ ቀድተው ሳይነኩት 20 ደቂቃ ያቆዩ፣ ከዚያ ያዘንብሉት። ካልረጋ ነገሩ ከባድ ነው። ከረጋ ግን ቀለል ያለውን መዛባት አያሳይምና አይዘናጉበት። መርፌ የተወጋበት ቦታ ደም እያንጠባጠበ ከሆነ የትኛውንም ቁጥር አይጠብቁ።

በቆላ ስለምትሠሩ ወባን ሳልጠቅስ አላልፍም። ከቆቦ እስከ ከሚሴ፣ ከሐርቡ እስከ ባቲ፣ ከባድ ትኩሳት ያለበትና ራሱን የሳተ ሰው ሁሉ ወባ እስካልተመረመረ ድረስ የሙቀት ምት ብቻ ነው አይባልም። የአንጎል ወባም ፕሌትሌት ይጥላል፤ ኤኤስቲ ያወጣል፤ ኩላሊት ይይዛል፤ ስኳር ያወርዳል። ስለዚህ ያለ ደም ፊልም የእነዚህ ቁጥሮች ትርጉም ይምታታል። ፈጣኑ የወባ ምርመራ ከሕክምና በኋላም ለሳምንታት ፖዘቲቭ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ፖዘቲቭ መሆኑ የሙቀት ምትን አያስቀርም፤ ወባውም ይታከም፣ ሰውነቱም ይቀዝቅዝ። ማጅራት ገትርም እስኪጣራ ድረስ ፀረ ባክቴሪያው ሴፍትሪያክሶን አይዘግይ። ደም ፊልሙን የሚያየው የላቦራቶሪ ባለሙያ እግረ መንገዱን ኒውትሮፊሎቹን እንዲያይም ይንገሩት። በከባድ የሙቀት ጉዳት በመጀመሪያው ቀን የአንዳንዶቹ ኒውክለስ እንደ ወይን ዘለላ ወደ ብዙ ፍሬ ተከፋፍሎ ይታያል። ሁልጊዜ አይገኝም፤ ሲገኝ ግን ጠቃሚ ፍንጭ ነው፤ ወጪውም የማይክሮስኮፕ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ፕሌትሌት አነሰ ሲባልም ፕሌትሌቶቹ ተሰብስበው ተጣብቀው መሆን አለመሆኑን በዚያው ፊልም ያረጋግጡ።

ሌላው ችላ የሚባል ነገር የናሙናው አያያዝ ነው። ሙቀት የሕመምተኛውን ብቻ ሳይሆን የተቀዳውንም ደም ይጎዳል። በሞቀ ክፍል ለሰዓታት የቆየ ወይም በባጃጅ ሲንገጫገጭ የሄደ ደም ቀይ ሴሎቹ ይፈነዳሉ፤ ፖታሲየሙና ኤኤስቲው በሐሰት ይጨምራሉ። የደም ሴሎቹ ስኳሩን መብላታቸውን ስለማያቆሙም ግሉኮሱ በሐሰት ይወርዳል። ስለዚህ ስኳሩን አልጋው አጠገብ በጣት ይለኩ። ፖታሲየም ከፍ ብሎ ሲመጣ ሴረሙ ቀልቶ እንደሆነ ይጠይቁና የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ (ኢሲጂ) ያንሡ፤ ኢሲጂው ላይ ለውጥ ካለ ግን ድጋሚ ደም ሳይጠብቁ ያክሙ። የአይኤንአር ቱቦ እስከ ምልክቱ ድረስ ካልሞላ ውጤቱ ይዛባል።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፋቸው። ስኳር በመጀመሪያው ደቂቃ መለካት አለበት፤ ወርዶ ከተገኘ ራስን የመሳት ምክንያቱ ከፊሉ እዚያው ታክሟል። ሶዲየም ብዙ ውኃ ጠጥተው በወደቁ ሠራተኞች ላይ ይታይ፤ በጣም የወረደ ሶዲየም የሙቀት ምት መስሎ ይመጣል። ላክቴት (ሴሎች ኦክስጅን ሲያንሳቸው የሚጨምር ንጥረ ነገር) ሲገኝ ጥሩ ነው፤ ግን ሲሮጥ ወይም ሲሸከም በወደቀ ወጣት ከድካሙ የተነሣ ሊጨምር ስለሚችል መጠኑን ሳይሆን መውረዱን ነው የምጠብቀው። ተኝተው በተገኙ አዛውንት ላይ ከፍ ያለ ላክቴት ግን ገና ከመነሻው ያስፈራል። የልብ ጡንቻ ጉዳትን የሚያሳየው ትሮፖኒንም በአዛውንት ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2003 ፈረንሳይን በመታው የሙቀት ማዕበል ወደ ድንገተኛ ክፍል በመጡ ሕሙማን ላይ የጨመረ ትሮፖኒን ከሞት ጋር ተያይዞ ታይቷል። የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ጠቋሚ የሚባለው ፕሮካልሲቶኒን ግን ያሳስታል፤ ኢንፌክሽን ሳይኖርም በሙቀት ምት ብቻ ይጨምራል። የሰውነትን ቁጣ የሚያሳየው ኢንተርሉኪን 6ና ከሞቱ ሴሎች የሚወጡት ሂስቶን የመሳሰሉት ፕሮቲኖች በምርምር ከክብደቱ ጋር አብረው እንደሚሄዱ ታይቷል፤ አልጋ አጠገብ ላለ ሐኪም ግን ከፕሌትሌትና ከአይኤንአር የተለየ ውሳኔ አይሰጡትም። ስለሌሏችሁ አትቆጩ።

ወደ ሁለቱ ሕሙማን ልመለስ። ወጣቱ የደከመው በሥራ ነው፤ ሙቀቱ የጨመረው በፍጥነት ስለሆነ በፍጥነትም ከወረደ ተስፋው ትልቅ ነው። በእሱ ላይ የምፈራው ጡንቻውን፣ ፖታሲየሙንና ኩላሊቱን ነው። ፈሳሽ በደንብ ይሰጠው፤ ሽንቱ ይቆጠር፤ ሠራተኞቹ ጫት ይቅሙ እንደሆነም ይጠየቅ፤ ሰውነትን ያነቃቃልና ሙቀቱን ያባብሳል። እናቲቱ ግን ያ ሙቀት በውስጣቸው ምናልባት ከጠዋት ጀምሮ ሲከማች ውሏል። ራሳቸውን ስተዋል፤ ክሬቲኒናቸው ለሰውነታቸው ብዙ ነው፤ ፕሌትሌታቸው በተወፈረ ደም እንኳን ከ150,000 በታች ነው። የደም ግፊት ኪኒን፣ በተለይ የሚያሸና፣ ይወስዱ እንደሆነ ልጆቻቸውን ይጠይቁ። አምቡላንሱ አንድ ብቻ ከሆነና ሁለቱም በቅድሚያ ከቀዘቀዙ፣ እኔ ቀድሜ የምልከው እሳቸውን ነው። ፈሳሹም ለእሳቸው በልክ ነው፤ ለወጣቱ የሚሰጠው ብዛት የእሳቸውን ሳንባ ይሞላዋል።

ሳይቀዘቅዙ ግን አይላኩ። ከቆቦ ወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከወልድያ ደሴ ደግሞ 120። በዚያ መንገድ ላይ በ41 ዲግሪ የሚያልፍ ሰዓት አንጎልን ይጨርሳል፤ የደሴ ደጋ ብርድም ዘግይቶ አይታደገውም።

መላክን በተመለከተ የምወስንበትን ልንገርዎት። ሙቀቱ ከ39 በታች ወርዶ ንቃተ ሕሊናው ካልተመለሰ ደም ሳልጠብቅ እልካለሁ። ከዚያ ውጭ ደሙን እንደመጣ፣ በ6ኛው፣ በ12ኛው፣ በ24ኛውና በ48ኛው ሰዓት አያለሁ። ፕሌትሌቱ ከ100,000 በታች ከወረደ ወይም ከመነሻው ግማሽ ካጣ፣ ኤኤስቲው ከ1,000 ካለፈ፣ አይኤንአሩ ከ1.5 ካለፈ፣ ክሬቲኒኑ ፈሳሽ ተሰጥቶት እየወጣ ከሄደ፣ ፖታሲየሙ 6 ከደረሰ፣ ከእነዚህ አንዱ ይበቃኛል። ሁሉንም በአምስቱም ሰዓት ለመሥራት ሪኤጀንት ካነሰ፣ በ12ኛውና በ24ኛው ሰዓት ፕሌትሌትና ክሬቲኒን፣ በ24ኛው ኤኤስቲ አይቅሩ። ነቅቶ «ደህና ነኝ፣ ቤቴ ልሂድ» የሚልን ወጣትም ቢያንስ ሁለተኛው ቀን ደሙ እስኪታይ ያቆዩት። ዓይኑ ቢጫ መሆን የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው።

የሪፈር ወረቀቱ ላይ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ደሙ የተቀዳበትን ሰዓት፣ ከላይም የወደቀበትን ሰዓትና ሙቀቱ ከ39 በታች የወረደበትን ሰዓት ይጻፉልን። ተቀባዩ ሐኪም ኤኤስቲ 400 የሚል ወረቀት ሲያይ በ3ኛው ሰዓት ይሁን በ60ኛው ካላወቀ፣ ሕመምተኛው ወደ ክፋት እየወጣ ይሁን ወደ ጤና እየወረደ ሊለይ አይችልም። ከሆስፒታል የወጡትንም በአንድና በሁለት ሳምንት መልሰው ይዩአቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 በቺካጎ የሙቀት ማዕበል ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገቡት 58 ሰዎች ሆስፒታል ውስጥ የሞቱት 21 በመቶ ነበሩ፤ በዓመቱ ውስጥ ሌሎች 28 በመቶ ሞቱ። ክሬቲኒኑን፣ ኤኤልቲውንና አረማመዱን በዚያ ቀጠሮ ይመርምሩ፤ ወጣቱም ቁጥሮቹ ልክ እስኪሆኑ ድረስ ወደ ሸክሙ አይመለስ።